ከፍ ባለው ጎን

«ኧረ እንዴት ትበራለች!» አለ ስንሻው፣ ውሃው በጀልባዋ ዝቅ ባለው ጠርዝ እየተንሿሿ ሲያልፍ።

ዙፋን መሪውን እንደጨበጠች ምላሷን ጧ አደረገች። ምኑን በረረች! ወደ ጎን ነው እንጂ የምትንሸራተተው። ማዶ ዳር ላይ ያለው፣ የሚሄዱበት ሐኪም ቤት ነጭ የውሃ ታንከር ቅድም ፊት ለፊታቸው ነበር፤ አሁን ወደ ነፋሱ በኩል ሸሽቷል። ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ በዚህ የግድብ ውሃ ላይ በሸራ ስትመላለስ ከርማለች። ነፋስ ከፊት እየመጣ ጀልባ ከልክ በላይ ከተጋደመች ጫጫታው ይጨምራል እንጂ መንገዱ እንደማይቀንስ ማንም አይነግራትም።

ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ጉደኞች ናቸው። የሰሊጥ አጫጆች አይደሉ፣ ሎሪ ላይ ከአቧራ ሽሽት ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው መኮራመት ለምደዋል፤ እዚህም ሁሉም ዝቅ ባለው ጎን ተጠቅጥቀዋል። መሃላቸው አሰጋሽ ምጥ ይዟት ታቃስታለች። ባሏ ስማቸው፣ ያ የበሬ ትከሻ ያለው ሰውዬ፣ እጇን ይዞ ያልበዋል።

«ያላ! ሁላችሁም ወደ ላይኛው ጎን!» አለች ዙፋን።

«ልትደፊን ነው እንዴ?» አለ ስንሻው።

«ለአጨዳ ወደ ዶካ ስትሄዱ ሎሪው ጭቃ ውስጥ ሲጋደምባችሁ በየት በኩል ነው የምትንጠለጠሉት?»

ስንሻው ትንሽ አሰበና ሳቀ። «እውነቷን እኮ ነው!» ብሎ ወደ ላይኛው ጠርዝ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ስማቸው ብቻ አልተነሳም።

«እሷን ጥዬ አልሄድም።»

«ስማቸው፣ ወንድም ዓለም፣ ካንተ የሚከብድ ሰው የለኝም። እዚህ በተቀመጥክ ቁጥር እኮ እሷን ነው የምታዘገያት።»

አሰጋሽ እጇን መነጨቀችው። «ሂድልኝ፣ በማርያም!»

ሄደ። እግሩን ከጠርዙ ውስጥ ቆልፎ ጀርባውን ከውሃው በላይ ወደ ውጭ ዘረጋ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። ዋና አያውቅም።

ጀልባዋ ቀና አለች። የዙፋንን ክንድ ሊገነጥል ሲታገላት የነበረው መሪ ለዘብ አለ። «በቃ፣ እንዲሁ! ትንሽ ጋደል ማለቷ ደግ ነው» አለች። ታንከሩ ተመልሶ ፊት ለፊታቸው መጣ። አሁን ነው መብረር ማለት! የዙፋን ደረት በኩራት ሞላ። ወንዶቹ ጠርዙ ላይ እንደተንጠለጠሉ «ማርያም ትቅረብሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ይላሉ።

አሸዋው የጀልባዋን ሆድ ሲፍቅ ሁሉም ዘለው ወረዱና ቃሬዛ ፍለጋ ሮጡ። ስማቸው ግን ዓይኑን እንደጨፈነ እዚያው ተንጠልጥሏል። በሱ ክብደት ጀልባዋ ወደሱ ጋደል ብላለች።

«ስማቸው» አለች አሰጋሽ። «ደርሰናል እኮ። ና፣ እጄን ያዝ።»