የገረመው ቆሽት

በ1996 መጋቢት፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የገረመው ቆሽት አበጠ። ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ መስኮት ሲወለውል ከእምብርቱ በላይ የጀመረው ሕመም ጀርባው ድረስ ዘለቀና ዙሪክ ሆስፒታል አስተኛው።

ቆሽት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ከጨጓራ ኋላ የተጋደመች አካል ናት። ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ታመነጫለች። ስትቆጣ ግን ፈሳሹ እሷኑ መፍጨት ይጀምራል። የሚያስቆጣት ነገር ብዙ ነው፤ ዋነኞቹ የሐሞት ጠጠርና መጠጥ ናቸው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የእጮኛው የሚሪያም አባት አቶ ንዋይ የጄኔቫ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸውን ለጠጪ አይሰጡም። ወሬው እንደደረሳቸው ባቡር ተሳፍረው ከች አሉ።

«አባባ፣ ገረመው ቢራ እንኳ ቀምሶ አያውቅም!» አለች ሚሪያም ጣቢያው ላይ ስትቀበላቸው።

«ሐኪሙ ይንገረኝ። ቆሽቴ አርሯል» አሉ ሚንት ከረሜላ እየመጠጡ።

ገረመው ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሲያያቸው ሊነሣ ሞከረ፤ አልቻለም።

«ጋሼ፣ አልጠጣም። ጌታ ያውቃል!»

«ጌታማ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ገባ። ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን ከተማ ሱቅ ውስጥ የምትሠራው ሚሪያም ጀርመንኛውን ታስተረጉም ጀመር።

«ቆሽት የሚያሳብጠው በቀን ስንት ብርጭቆ ነው? ጠይቂው።»

ዶክተሩ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ነው አለ።

«ስንት ዓመት? ስድስት ይበቃል? ደግሞስ ወይን ከውስኪ አይሻልም?»

ገረመው አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

«ይገድላል ወይ?»

አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይድናል፤ አንዳንዱን ግን ኩላሊቱንና ሳንባውን አድክሞ ይገድላል። ሚሪያም ይህን ስትተረጉም አቶ ንዋይ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ዛሬውኑ ቢተውስ?»

የሚሪያም ዓይን እንባ አቀረረ። አባቷ ፈርደው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው ቅጣቱን መወሰን ነው።

በዚህ መሃል ነርሷ የአልትራሳውንዱን ውጤት ይዛ መጣች። ዶክተሩ አነበበና ፈገግ አለ።

«ጠጠር ነው! አባባ፣ የሐሞት ጠጠር ነው!»

«ሃሌ ሉያ!» አለ ገረመው ከአንሶላው ሥር።

አቶ ንዋይ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«እሱ ይቆየን። ሕመሙ ጎንበስ ሲባል ጋብ የሚል ከሆነስ? እሱ ነው ክፉው?»

«ኧረ አባባ! ሠርጌን ካላፈረሱ አይተኙም እንዴ?» እያጉረመረመች ተረጎመች።

ዶክተሩ ወረቀቱን አጠፈና አቶ ንዋይን ትክ ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ሚሪያምን አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ ወደ አባቷ ዞረች።

«እርስዎን ነው... ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት ይላል።»

አቶ ንዋይ በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሐኪሙ የምነግርሽን ሁሉ ተርጉሚለት፤ ለእናትሽ ግን ሠርግሽ በቀኑ እንደሚሆን ብቻ ንገሪያት።»