ከኮርቮ ወዲህ ያለው ናዳ

«ሚሮ፣ እግዜር ያጥናህ» ትላለች ኢዝልዳ፣ በራሷ ላይ የተሸከመችውን የአገዳ ቅጠል በአንድ እጇ ደግፋ። «እናትህ የሁላችንም እናት ነበረች።»

ሚሮ እሷን ለማሳለፍ ገደሉ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፤ ከእግራቸው ሥር፣ እሩቅ፣ ባሕሩ ጥቁሩን ድንጋይ ይደበድባል። ከኋላው፣ መንገድ የሚመራቸው ሁለት ፈረንሳዮች፣ ኢቭና ሚስቱ ሶላንዥ፣ እንደ እሱ ተለጥፈው ፈገግ እያሉ ይጠብቃሉ። የደሴቱን ቋንቋ፣ ክሪዮልን፣ አይሰሙም።

«አሜን» ይላል ሚሮ። ሐዘን የደረሰው ሰው የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ሳያስበው ወጣ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው ያረፈችው። አባ ደርሰውላታል፣ አልተሰቃየችም። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው፤ እየጠበቁህ ነው፣ ቶሎ ቶሎ በል።» ዐይኗ ወደ ፈረንጆቹ ይሄዳል። «እነዚህን ደግሞ በዚህ ቀን ምን ብለህ ይዘሃቸው ወጣህ?» ከዚያ ድምፅዋ ይቀንሳል። «ሚሮ... ሰምተህ ነበር አይደል?»

«ሰምቻለሁ» ይላል፣ የሰማው ገና አሁን ከእሷ አፍ ቢሆንም።

ጉንጩን በመዳፏ ነክታው ታልፋለች።

«ደስ ስትል!» ትላለች ሶላንዥ። «ምን አለችህ?»

«መንገዱ ደህና ነው አለች።»

ከፊት ከፊት ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ላይ ለእንግዶቹ ውሃ እየገዛ ነበር። እናቱን እሑድ ለት ሆስፒታል ያስገባት ራሱ ነው፤ ዛሬ ሲነጋ አጠገብሽ ልቅር ቢላት፣ «ሂድ፣ ሰው ቀጥረህ አታስጠብቅ። ደግሞ ያንን ጫማ ጣለው፣ አፉን ከፍቷል» ብላ አባረረችው። እናቴ ሞተች፣ ይላል በልቡ። እንደገና ይላል። የሆነ ነገር እስኪሰማው ይጠብቃል። ኢቭ ስለ ድንጋዩ ሲጠይቀው፣ እሳተ ገሞራው ከላይ፣ ከኮቫ ተራራ አፍ፣ እንዴት እንደፈሰሰና ባሕሩ ዳር ሲደርስ እንዴት እንደረጋ፣ ሁልጊዜ እንደሚናገረው አንድም ሳያስቀር ይናገራል።

ኮርቮ መንደር ሊደርሱ ሲሉ፣ መታጠፊያው ላይ፣ የሰሞኑ ዝናብ መንገዱን ወስዶታል። አሥር እርምጃ ያህል የሚሆነው ልቅ ጠጠር ብቻ ሆኖ ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። ኢቭ ዱላውን ተደግፎ እንደ ፍየል ይሻገራል።

«ነይ እንጂ ሶላንዥ! የቤታችን ደረጃ ይብሳል!»

«ዝም በል አንተ!» ሶላንዥ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ከንፈሯ ነጥቷል። «አልችልም። ጀልባ ላኩልኝ።»

«እመቤት፣ እዚህ ጀልባ አይጠጋም።»

«እንመለስ እንግዲያ።»

ሚሮ ያስባል። የእናቱ ቤት ከናዳው ወዲያ ነው፤ መመለሻው ደግሞ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከዚያ መኪና ለምኖ ተራራውን መዞር አለ። አስከሬኑ ቤት ሲያድር እሱ አይኖርም። ይህን ሁሉ የሚያሰላው የሌላ ሰው እናት የሞተች ይመስል ነው።

ወደ ጠጠሩ ወርዶ በባሕሩ በኩል ይቆማል፤ እጁን ይዘረጋላታል። «ባሕሩን አይዩት። ጆሮዬን ይዩ።»

«ጆሮህን?»

«ትልቅ ነው፣ አይጠፋዎትም።»

እንባዋ እየወረደ ትስቃለች፤ እጁን ትይዛለች። «ግራውን እዚህ። አይቸኩሉ። ቀኙን ከኋላው።» አምስተኛው እርምጃ ላይ ከተረከዙ ሥር አንድ ድንጋይ ይከዳውና ይወርዳል፤ ውሃው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ቆይቶ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቡ ድም ድም ይል ነበር። አሁን ምንም አላለም። «ቀኙን ከኋላው» ይላል እንደገና፣ በዚያው ድምፅ።

ይሻገራሉ። ኢቭ ያጨበጭባል። ሶላንዥ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። አሁን ልትለቀኝ ትችላለህ።»

«እሺ» ይላል ሚሮ።

አይለቃትም። ጣቶቹን ያያቸዋል፤ የእሷን ጨምድደው ይዘዋል፣ አንጓቸው ነጥቷል። ክፈቱ ይላቸዋል። አይከፍቱም።

«ሚሮ፣ እጄን።»

«እሺ፣ ይቅርታ» ይላል፣ ይበልጥ አጥብቆ እየያዘ።

የኢቭ ጭብጨባ ይቆማል። «ምን ሆነ?»

ሶላንዥ ቀና ብላ የሚሮን ፊት ታያለች፤ ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ከዚያ ባሏን በዐይኗ ዝም ታሰኘውና እጇን ሳትስብ ቀስ ብላ መንገዱ ላይ ትቀመጣለች። እሱም አጠገቧ ይቀመጣል። ሁለተኛውን እጇን አምጥታ በእጁ ላይ ታሳርፈዋለች።