ሦስተኛው የምድብ ጨዋታ

በረኛው ልጇ በሁለቱ የምድብ ጨዋታዎች ስድስት ጎል ሲገባበት እናትየው በቴሌቪዥን እያየችው ነበር። የመጀመሪያውን በጭንቅ አሸንፈው ሁለተኛውን ሲሸነፉ ቤታቸው ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። ዛሬ “የኔ ዓይን ነው የማይበጀው” ብላ ጓዳ ተደበቀች።

“እማ፣ አንድ ለአንድ ነው፤ እንዲሁ ካለቀ እናልፋለን!” አለች ሴት ልጇ ሕሊና ከሳሎን። ትንሽ ቆይታ ጮኸች፤ “ወይኔ! ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን!”

እናትየው ዓይኗን ጨፍና ተንበረከከች። ሰፈሩ ጸጥ አለ።

“ያዘው! እማ፣ ያዘው!”

“ልጄ! የኔ አንበሳ!” እያለቀሰች ወጣች። ቴሌቪዥኑ ላይ ተጫዋቾቹ በረኛውን ከበው ይስሙታል። ፊቱን አየችው፤ የማታውቀው ልጅ ነው።

“ወንድምሽስ?”

ሕሊና አንገቷን ደፋች። “ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። እማ እንዳትሰማ ብሎ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር።”