እግሯ የተሸረፈችው መ

የጽሕፈት መኪና ጠጋኙ መሸሻ አንዲት መኪና ሲያገኝ እንደ ከብት ነጋዴ ነው፤ ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ይነግርሃል። ማን እንደሠራት፣ ስንት ዓመት እንደተደበደበች፣ የትኛው ፊደል እንደሚያነክስ አንድ ገጽ አይቶ ያውቃል። በነቀምቴ ከእሱ ሌላ ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም ይህንኑ ለመናገር አይሰንፍም።

በ1970 ዓ.ም. ትእዛዝ መጣ። በአካባቢው ያለ የጽሕፈት መኪና ሁሉ ይመዝገብ ተባለ፤ ስሪቱ፣ ከሥሩ የተመታው ቁጥር፣ ያለበት ቢሮ፣ ከዚያም ፊደሎቹ ሁሉ የተመቱበት አንድ ወረቀት። በስውር ጽሑፍ የሚበትኑ ሰዎች ነበሩና ነው። ሥራው ለመሸሻ ተሰጠው። ከአኖ እስከ ጉቶ ጊዳ ዞሮ ሠላሳ አንድ መኪና መዘገበ። መዝገቡን የሚያስረክበው ዓርብ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ጓድ ሀብተጊዮርጊስ የሚባለው መርማሪ ሱቁ መጣና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ገበያ ውስጥ ተበትኖ የተገኘ ነው። የማን መኪና ናት?"

መሸሻ አንድ ጊዜ አየው፤ በቃው። መ በመጣች ቁጥር እግሯ የተሸረፈ ነው። እንዲህ ያለች መ የነበረችው በአንዲት መኪና ላይ ብቻ ነው፤ በአበልጁ በጉሉማ። ጉሉማ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነው። የመሸሻን ልጅ ክርስትና ያነሳ፣ የሃያ ዓመት ወዳጁ።

"ከማውቃቸው አይደለችም" አለ መሸሻ። "ከሌላ አገር የመጣች ትሆናለች።"

"እስከ ዓርብ አስብበት። የደበቀም እንደ ጻፈው ነው የሚቆጠረው።"

መሸሻ ይህን አጥቶት አይደለም። ባለፈው ወር እንዲሁ ተብሎ የተወሰደ መምህር ነበር። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ብትሄድ ከነሳህኑ መለሱላት።

ረቡዕ ጠዋት መሸሻ መሣሪያውን ይዞ ጉሉማ ቢሮ ደረሰ።

"አካም ቡልቴ፣ አበልጄ" አለ፤ እንዴት አደርክ ሲል።

"ፈያ፣ ፈያ። ምነው በጠዋቱ?"

"መኪናህን ልጠርግልህ።"

ስለ ወረቀቱ ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። መሸሻ እግሯ የተሸረፈችውን የመ ብረት ነቀለ። በቦታዋ ከአንዲት የሞተች መኪና፣ ከሌላ ስሪት ያወጣትን መ በየደ። መታ አድርጎ ሞከራት። አዲሷ መ ከመስመሩ የጸጉር ያህል ከፍ ብላ ተቀመጠች።

"ከፍ አላለችም?" አለ ጉሉማ በትከሻው በኩል እያየ።

"ከእኔ በቀር ማን ያያታል?"

"አሮጌዋስ? እሷም የወተት ጣሳህ ውስጥ ልትገባ ነው?" ጉሉማ ሳቀ።

"ታዲያ የት ትሄዳለች።"

መሸሻ ብረት አይጥልም። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስድስት ወር ነው፤ ዛሬ የተሰበረ ነገ ለሌላ ይሆናል። ይህ የሞያው ሕግ ነው፣ ሞት ቢመጣም አይሽረውም። መዝገቡ ውስጥ ያለውን የዚህችን መኪና የድሮ ወረቀት አቃጥሎ በምትኩ በአዲሷ መ የተመታ አስገባ። ሲለያዩ ጉሉማ እጁን ይዞ ቆየ።

"ኦቦሌሳ ኮ" አለው፤ ወንድሜ ሲል።

ችግሩ ቤት ነበር። የመሸሻ ሚስት የሺአረግ ሱቁ ከቤታቸው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሳይጠሯት ትገባለች። ብረቷን የዱቄት ወተት ጣሳው ውስጥ ሲከት ደረሰችበት።

"ምንድን ነው የምትደብቀው?"

"ብሎን ነው።"

"ብሎን እንዲህ ያስደነግጣል?"

መሸሻ ጣሳውን ከድኖ መደርደሪያው ላይ መለሰው። የየሺአረግ ወንድም ዘነበ የቀበሌ ጥበቃ ነው፤ እሷም እህል ታመላልስለታለች። ሐሙስ ምሳ ይዛለት ሄደች፤ ከሌላው ቀን ይልቅ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"ምን አወራችሁ?" አላት።

"ምን እናወራለን።"

ብረቷን ሽንት ቤት ሊጥላት ተነሳ። ጣሳውን ከፈተ፣ አያት፣ መልሶ ከደነው። ነገ እጥላታለሁ አለ።

ዓርብ ገና ሳይነጋጋ የሺአረግ ጋቢውን አቀበለችው።

"አኖ እህትህ ጋ ሂድ። ዛሬውኑ፣ አሁን።"

"ቤቱን ባዶ እንዳገኙልሽ?"

ደንግጣ አየችው። እሱ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ገባ፤ አንዱ ዘነበ ነው። መርማሪው መዝገቡን አልጠየቀም። መሳቢያ አልከፈተም። መደርደሪያው ላይ ካሉት አምስት ጣሳዎች የወተቱን ብድግ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ብረቷን በጣቱ ፈልጎ አወጣት፣ ቀለም አስነካት፣ ከተበተነው ወረቀት ጎን ተጫናት። እግሯ የተሸረፈች መ።

"ወረቀቱ የተጻፈው እዚህ ነው ማለት ነው" አለ።

የሺአረግ መሬት መሬቱን ታያለች። ዘነበም ቀና ብሎ አላየውም። መሸሻ በማኅተምና በምስክር ያገባትን፣ አሥራ አራት ዓመት አንድ መሶብ አብራው የቀረበችውን ሴት ተመለከተ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት ለካ እንዲህ ነው። 

"እጅሽ ይባረክ፣ የሺአረግ" አላት።

ራሷን ነቅንቃ አለቀሰች።

ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

"ጥቆማው ይኸው፤ ስም የለበትም። መቼም ሞያህ ነው፣ ጮክ ብለህ አንብብልን።"

በጽሕፈት መኪና የተመታ ሦስት መስመር ነበር። የሚጀምረው በመሸሻ ስም ነው፤ የመጀመሪያዋ መ ከመስመሩ የጸጉር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች።