የአደጋ ጊዜ ገመድ

በጀበል ሰምራ የፎስፌት ማውጫ፣ የማጓጓዣው ቀበቶ ሞተር ሁልጊዜ ረፋድ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ይቆማል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ላዝሃር ሞተሩን ፈታ፣ ኬብሉን ለካ፤ ደህና ነው። በመጨረሻ ደረሰበት፤ ከቀበቶው ጎን የተዘረጋው፣ ሲሳብ ሞተሩን የሚያቆመው የአደጋ ጊዜ ገመድ እየተሳበ ነው። የሚስበው ሰው ግን የለም።

«ላዝሃር ወንድሜ፣ ባልደረባችንን ሞንጂን ቀበቶው የገደለው እዚያ አይደል?» አለችው ተቆጣጣሪዋ ምብርካ በሬዲዮ።

«እዚሁ ነው፤ በዚሁ ሰዓት።»

«ምነው ያኔ ገመዱን ሳይስብ ቀረ?»

«ስቦታል። ሥራ አስተጓጎለ ብሎ አለቃ ሲያዘኝ፣ ገመዱን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ሽቦ ቀድሜ ቆርጬው ነበር።»



ከሞንጂ ሞት በኋላ የተቀጠለውን ሽቦ ዛሬም አለቃው «ቁረጠው» አለ። ላዝሃር ምንም ጸጸት ሳይሰማው ቆረጠው።

አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ገመዱ ተወጠረ፤ ቀበቶው ቆመ። የተቆረጠው ሽቦ በላዝሃር እጅ ነበር።