ኳሱን ማን ያሞቀዋል?

"ጧ!... ጧ!... ጧ!"

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

ከግድግዳው ውጭ ቆሜ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ እንኳ ገና አልሞላም... የጭላሎ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል።

ውስጥ ያለው አስናቀ ነው። ብቻውን። እኔን ሳይጠራ...

"ሌባ!" አልኩ በሆዴ። "ልምምድ እየሰረቀኝ ነው!"

ጊዜው 1973 ዓ.ም. ነው፤ አሰላ። ፈረንጆቹ ባለሙያዎች ከመሥሪያ ቤታችን ሲሄዱ አንድ ባዶ ቤት ትተውልን ነበር። የስኳሽ መጫወቻ። ሁለት ሰው ይገባና ትንሽ ጥቁር የጎማ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያላተመ ይጫወታል። ሁለቴ ሳትነጥር ካልመለስካት ነጥቡ የባላንጣህ ነው።

ከተማው "የእብዶች ቤት" ይለው ነበር።

እብዶቹ ሁለት ነበርን። እኔ ወልደጻድቅ፣ ኢተያ ላይ ስንዴ በጀርባዬ ተሸክሜ ተሸክሜ የመጋዘን ኃላፊ የሆንኩ ሰው... እና ከጎንደር ተመድቦ የመጣው የጤና ረዳት አስናቀ። የጀመርነው እኩል፣ በአንድ ሳምንት ነው። አስተማሪ የለንም። ሁለት አሮጌ ራኬት፣ አንዲት ኳስ።

መጀመሪያ ሰሞን ኳሷ ከመሬት አልነሣ ብላ አሠቃየችን። ከዚያ ቀስ በቀስ መንጠር ጀመረች።

"ሰው ሲጎብዝ ኳስም ይታዘዝለታል!" ብዬ ኮራሁ።

ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ግጥሚያዎች አሥራ አራቱን እኔ አሸነፍኩ።

ከሚቀጥሉት ሃያ... ሦስቱን ብቻ።

አስናቀ የሚመታት ኳስ ግድግዳውን ተጠግታ፣ እንደ ጥላ ተለጥፋ ትሄዳለች። ራኬቴን የት ላስገባ? እሱ ግን ይስቃል።

"አይዞህ ወልዴ፣ ነገ ደግሞ ያንተ ነው!"

ያቺ "አይዞህ" እንዴት እንደምታቃጥል የተሸነፈ ያውቃታል...

እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይበላል? ማን ያሳየዋል? ለዚህ ነው ማልጄ የተደበቅሁት። አምስት ጠዋት ቆጠርኩ። አንድም ቀን ከሦስት መቶ አልወረደም። እኔ ዞር ብዬ እንደልማዴ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ እሱ ላቡን ጠርጎ፣ አሁን የመጣ መስሎ በሩ ላይ ይቆማል።

በዚያው ሰሞን ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ ላይ የሠራተኞች የስኳሽ ውድድር አለ፤ ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ብቻ። ቅዳሜ ጠዋት ተጋጥመን ያሸነፈ ይሄዳል።

እኔ በሕይወቴ ለሸክም ካልሆነ በቀር ለምንም ተመርጬ አላውቅም። አንዴ እንኳ።

ዓርብ ማታ ዘበኛውን ጋሽ ከዲሮን ጠጋ አልኳቸው።

"ጋሽ ከዲሮ፣ ነገ ከእኔ በፊት ለማንም እንዳይከፍቱ።"

"ኤጋ... እንግዲህ ለአስናቀም?"

"በተለይ ለአስናቀ!"

ቁልፉን በጣታቸው እያሽከረከሩ ትክ ብለው አዩኝ።

"አንተ ብለሃል... እኔ የለሁበትም።"

ቅዳሜ ስደርስ አስናቀ በተዘጋው በር ላይ ቆሞ እጁን ያፍተለትላል። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ!

የስፖርት ኮሚቴው ጓድ ፍሰሐ ሊዳኙ መጡ። በሩ ተከፈተ።

አስናቀ ኳሷን አንሥቶ ጨበጥ አደረጋት።

"ወልዴ፣ ትንሽ ታገሠኝ። አሥር ደቂቃ ብቻ ልምታት..."

"ዘዴህን አውቃለሁ! ጀምር!"

"ኧረ ስማኝ..."

"ጓድ ፍሰሐ፣ ሰዓቱ ደርሷል!"

ጀመርን።

ኳሷ ከመሬት አልነሣ አለች... እንደ ድንጋይ! ግድግዳውን ነክታ ትወርድና እግሬ ሥር ትሞታለች። ለማንሣት ጎንበስ ስል የቀኝ ጉልበቴ ቋ ይላል። የኩንታል ጉልበት ነው፤ አይታጠፍም።

አራት ጊዜ ወደቅሁ።

9 ለ 1። 9 ለ 0። 9 ለ 2። ሦስቱንም ዙር እሱ።

ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አስናቀ ፊቱ ላይ ደስታ የለም። ጋሽ ከዲሮ በሩ ላይ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"አንተ ሰውዬ... ዛሬ በገዛ እጅህ ተሸነፍክ።"

"እንዴት?"

"ይቺ ጎማ በብርድ ትሞታለች። ካልተደበደበች አትሞቅም፤ ካልሞቀች አትዘልም። ይሄ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ በጨለማ እየተነሣ ላንተ ሲያሞቅልህ ነበር!"

ወደ አስናቀ ዞርኩ።

"ለእኔ?"

አንገቱን ደፋ።

"መጀመሪያ ሰሞን ጎንበስ ስትል ጉልበትህ ሲጮህ ሰማሁ። ኳሷ ከፍ ካለችልህ ጎንበስ አትልም ብዬ ነው... ሌላ የሚጫወተኝ ሰው የት አገኛለሁ?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ትመጣ ነበር?"

አልመጣም ነበር። ኩራቴን ያውቀዋል...

ለካ እኔ የጎበዝኩ የመሰለኝ ኳሷ ስለሞቀች ነው። እሱ ደግሞ የጎበዘው እሷን ለእኔ ሲያሞቅ ነው። በቀን ሦስት መቶ፣ ሁለት ወር... ከአሥራ ስምንት ሺህ በላይ ምት! ይህን ሁሉ ብቻውን የመታ ክንድ ባይጎብዝ ነው የሚገርመው።

አስናቀ አዲስ አበባ ሄዶ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ተመለሰ። እየሳቀ።

በማግሥቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጥቶ በሩን ሲከፍት ግን ኳሷ ሞቃ ጠበቀችው። እኔ ነበርኩ። በአርባኛው ምት ክንዴ ዝሎ ነበር፤ እያረፍኩ ሦስት መቶ ሞላሁ።

"ወልዴ! አብደሃል?"

"የእብዶች ቤት አይደል!"

ዛሬ ፀጉሬ ነጥቷል። ውሸት አልጽፍም፣ አሁንም በአስናቀ እቀናለሁ... ግን በጨዋታው አይደለም። ያን ያህል ጠዋት ተነሥቶ አንድ ቀን እንኳ "ላንተ ነው" ባለማለቱ ነው።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ ቅናት ቁጥር ያውቃል፤ ምክንያት ግን አይጠይቅም። እኔ ስንቴ እንደመታ ቆጠርኩ፤ ለማን እንደሚመታ ግን አልጠየቅሁም።

እናንተስ... ቀድሟችሁ በሚነሣው ሰው ስትቀኑ ኖራችሁ፣ የሚነሣው ለእናንተ መሆኑን ዘግይታችሁ የደረሳችሁበት ጊዜ አለ?

ኳሳችሁን ያሞቀላችሁ ማን ነበር? ስሙን ከታች ጻፉለት...