የዶኛ ኡባልዲና መፍጫ

ዶን ሊሳንድሮ ጎረቤቱን ከተጸየፋት ቆይቷል። ዶኛ ኡባልዲና የዓሣ ሾርባ ትሸጣለች። የዓሣው አንጀት በባልዲ ከአጥሩ ማዶ ይጠራቀማል፤ ዝንቡ የእሷን ጨርሶ ወደ እሱ ሳህን ይሻገራል። ፊት ለፊት ሲያገኛት ባርኔጣውን አንሥቶ በትሕትና ሰላምታ ይሰጣታል፤ ዘወር ሲል አፍንጫውን በመሐረብ ይይዛል።

ከሁሉ የባሰው ግን የኤሌክትሪክ መፍጫዋ ነበር።

ወንድሙ ኔክታሪዮ ስልክ በሌለበት የጋላፓጎስ ደሴት ይኖራል። ሊሳንድሮ ከሚኖርበት ከማንታ ወደብ ጋር የሚያገናኘው በየቤታቸው የተከሉት የመነጋገሪያ ሬዲዮ ብቻ ነው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሊሳንድሮ ቁልፉን ተጭኖ ይናገራል፤ ሲለቀው ደግሞ ኔክታሪዮ ይመልሳል።

ሰሞኑን ኔክታሪዮን ሆዱን ያመው ጀምሯል። ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ብሏል። መርከብ ዓርብ በዚያ በኩል ታልፋለች፤ ተሳፋሪ መኖሩ እስከ ሐሙስ ማታ ካልተነገረው ግን ካፒቴኑ ወደ ደሴቷ አይታጠፍም። ቀጣይዋ መርከብ የምትመጣው ከወር በኋላ ነው። ኔክታሪዮ ደግሞ ቢላ ይፈራል፤ እሺም እምቢም አላለም።

ሰኞ ሊሳንድሮ እንደ ልማዱ በጎረቤቱ ጀመረ።

«ይቺ ቆሻሻ ዛሬም ግቢዋን የአሳማ ጉረኖ አድርጋዋለች። ከእሷ እጅ ሾርባ የሚበላ ሰው ሆዱ የብረት መሆን አለበት። ይልቅ ንገረኝ፤ ትሳፈራለህ?»

ቁልፉን ለቀቀ። ጥርርርር። የወንድሙ ድምፅ ከሬዲዮው ጩኸት ሥር ተቀብሮ ቀረ። ከአጥሩ ማዶ መፍጫው ይጮኻል።

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ።

ረቡዕ ሊሳንድሮን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘጋ። «ወሰንክ?» ብቻ ብሎ ለቀቀ። ኔክታሪዮ አጠገቡ እንዳለ ሰው ጥርት ብሎ ተሰማ።

«እስከ ነገ ላስብበት፣ ወንድሜ።»

«መፍጫው ያልጮኸው ዛሬ ገበያ ሄዳ ይሆናላ» አለች ሚስቱ ዜኔይዳ።

«የምን ገበያ! እዚያው ተጎልታ ቅርፊት ስትፍቅ አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነክቷት ማረችህ?»

«በአጥሩ ቀዳዳ እያደባች ነው። ዛሬ ሳታየኝ ቀርታ ነው እንጂ አትምርም።»

ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈነው።

ሐሙስ ድምፁ ተመለሰ። ምሬቱም አብሮ ተመለሰ፤ ወንድሙን ሰላም ሳይል የጎረቤቱን ባልዲ፣ ዝንቧንና ጥፍሯን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ከዚያ ጠየቀና ቁልፉን ለቀቀ። ጥርርርር። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ቆመ።

ሊሳንድሮ ተነሣ። «አንቺ ጠይቂው። እኔ መፍጫዋ አጠገብ እቆማለሁ። ስገባ በመስኮት አይተሽ ተናገሪ።»

«እንዳትጣላ አደራ።»

«ከእሷ ጋር ተጣልቼ ልቆሽሽ?»

የኡባልዲና ወጥ ቤት ወለሉ ያዳልጣል። የዓሣ ጭንቅላቶች በሳፋ ሆነው አፈጠጡበት። መፍጫው ከነቲማቲሙ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ በመደርደሪያው ላይ አንድ አሮጌ ቴፕ ይዘፍናል።

«ይግቡ፣ ዶን ሊሳንድሮ» አለች ቀና ሳትል። «ሽታው ካልገደለዎት።»

«ይህን መፍጫ ከሶኬቱ ይንቀሉልኝ። ሬዲዮዬን እየረበሸው ነው።»

«እኔን ካልነኩኝ አልነካውም።»

«ማን ነካዎት?»

ቢላዋን በዓሣው ሆድ ከታ አንጀቱን ጎትታ አወጣች። ሊሳንድሮ መሐረቡን ወደ አፍንጫው ሲያነሣ አየችው።

ያን ጊዜ የቴፑ ዘፈን ተንኮሻኮሸ። ከድምፅ ማጉያው ውስጥ ዜኔይዳ ጮክ ብላ ተሰማች።

«ኔክታሪዮ፣ ወንድምህ ላንተ ሲል እዚያች ቆሻሻ ጉረኖ ውስጥ ገብቶልሃል። እሷ አሁን አትረብሸንም። በል ቶሎ ንገረኝ፤ ነገ ትሳፈራለህ?»

«ዛሬ ደግሞ የስድቡ ተራ የባለቤትዎ ሆነ?» አለች ዶኛ ኡባልዲና፤ እጇንም በሽርጧ ጠርጋ መፍጫውን አስነሣችው።